የአደራው ጠመንጃ

አንድ ጠመንጃ የሌለው ሰው ነበረ። ስሙ አንዳርጌ ይባላል። የሚኖርበት አገር ደግሞ ወንድ ልጅ ትከሻው ላይ ባነገተው ብረት የሚመዘንበት አገር ነበር። ሠርግ ሲሆን ባለጠመንጃው ከፊት ይሄዳል፤ ባለዱላው ከኋላ ይከተላል። በሸንጎ ባለጠመንጃው ሲናገር ሰው ጸጥ ይላል፤ ባለዱላው አፉን ሲከፍት ሰው እርስ በርሱ ማውራት ይጀምራል። አንዳርጌ ጎበዝ አራሽ ነው፣ ጎረቤት ሲቸገርም ቀድሞ ይደርሳል። ግን እስከ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ዱላውን ይዞ ከኋላ ሲከተል ኖረ። ይህም ነገር እንደ እሾህ ውስጡ ገብቶ ይወጋው ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከቆላ ገበያ ሲመለስ፣ ወንዝ ዳር ከብሳና ዛፍ ሥር አንድ ሰው ወድቆ አገኘ። ሰውየው ሆዱን ተመትቷል። ጠመንጃውን እንደ ሕፃን ታቅፎታል።

"ወንድሜ፣ ውሃ" አለው።

አንዳርጌ በያዘው ቅል ከወንዙ ቀዳና ራሱን ደግፎ አጠጣው። ሰውየው ትንሽ ነፍስ ሲዘራ የሆነውን ነገረው። ስሙ ስንሻው ነው። ሌቦች ጥማድ በሬዎቹን ነድተውበት ሁለት ቀን ዱካቸውን ተከተለ። እዚህ ወንዝ ላይ አድፍጠው ጠበቁትና ተኮሱበት። እሱም ተኩሶ አባረራቸው፤ ነገር ግን ከዚህ ወዲያ መራመድ አልቻለም።

"ሾላ በር የሚባል አገር ሂድልኝ" አለው። "ሚስቴ እናኑ ትባላለች። ጠመንጃዬን ስጥልኝ፣ የወደቅሁበትንም ንገርልኝ።" የመጨረሻ ቃሉንም ነገረው። ከዚያም እጁን ይዞ፣ "አደራ በምድር፣ አደራ በሰማይ" አለው።

"አደራህን አደርሳለሁ" ብሎ አንዳርጌ ማለለት። ስንሻውም ብዙ ሳይቆይ ዐረፈ። አንዳርጌ አውሬ እንዳይበላው ድንጋይ ከመረበት፣ ጠመንጃውንም አንግቶ መንገዱን ቀጠለ። በዚያች ሰዓት ልቡ ንጹሕ ነበር። በሳምንቱ ሾላ በር ሊሄድ ወስኖ ነበር።

መንደሩ ጫፍ ላይ ጫኔ የሚባል ጎረቤቱ አገኘው። ጫኔ ጠመንጃውን አየና ቆመ።

"አንዳርጌ! ይህን ከየት አመጣኸው? ሽፍታ ገጠመህ እንዴ?"

አንዳርጌ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ውሸቱ የተጀመረው እንዲህ ነው። በአፍ እንኳ አልተነገረም፣ ራስ በመነቅነቅ ብቻ ነው።

ማታውን ቤቱ በሰው ሞላ። "ስንት ነበሩ?" አሉት። "አንድ" አላቸው። የሚቀጥለው እሑድ ሁለት ሆኑ። ጥር ላይ፣ የጫኔ ልጅ በተዳረች ዕለት፣ ሽፍቶቹ ሦስት ደርሰው ነበር፤ አንዳርጌም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሙሽራው ፊት ፊት ሄደ።

ሾላ በር የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው። መጀመሪያ "ነገ" አለ። ከዚያ "አጨዳው ይለፍ" አለ። ከዚያ "ጾሙ ይፈታ" አለ። ከዚያ ወዲያ ምንም አላለም። የጠመንጃው ሰደፍ በፊት ተሰንጥቆ ኖሮ ስንጥቁ ላይ የብር ጥምጥም ታስሮበት ነበር። አንዳርጌ ያንን ሰው እንዳያውቅበት ባሕር አረብ የሚባለውን ቀይ ቆዳ አልብሶ ዙሪያውን አሰፋው። ባየው ቁጥር የሟቹ ዓይን ትዝ ይለው ነበርና ከተሸፈነ በኋላ ቀለል አለው።

በዚያ አገር የባለጠመንጃዎች ማኅበር ነበረ። በዓመት አንድ ቀን፣ በጥምቀት ሰሞን፣ አባላቱ ከአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ቁርበት ያነጥፋሉ፤ ጠመንጃቸውን ከጨርቁ አውጥተው፣ ወልውለው፣ ዘይት ቀብተው ይደረድራሉ። አንዱ ምኒሽሩን ያሳያል፣ አንዱ ካያቱ የወረሰውን ውጅግራ። እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ ጠመንጃው ከየት እንደመጣ፣ ማንን እንደጣለ፣ ስሙ ማን እንደሚባል ይናገራል። አንደኛው "ይኼ ደግ አይዋል ነው" ሲል፣ ሌላው "የኔማ ምላጩ ገና ሲነካ ያገሣል" ይላል። ሲጨርሱ የማኅበሩ አንጋፋ፣ አያ ደባልቄ የተባሉ ሽማግሌ፣ ታሪኩ ለበለጠው ሰው ጠላ የተሞላ የክብር ዋንጫ ያቀብላሉ። አንዳርጌ ሰባት ዓመት በተከታታይ ዋንጫዋን ወሰደ።

ታሪኩን ሲናገር ያምር ነበር። የሽፍቶቹን ልብስ ቀለም ሳይቀር ይናገራል። ሰው ሁሉ የሚወደው ግን መጨረሻውን ነው። ሦስተኛው ሽፍታ ቆስሎ ወድቆ "ውሃ! ውሃ!" ሲል፣ አንዳርጌ "ወንዙ አጠገብህ አይደል? ሄደህ ጠጣ!" ብሎ እንደተኮሰበት ይናገራል። ቤቱ በሣቅ ይፈርሳል። በዚያን ዕለት የሠራው አንድ ደግ ሥራ ውሃ ማጠጣቱ ነበር፤ ለታሪኩ አልመች ስላለው እሱንም ወደ ጭካኔ ለወጠው።

እንዲህ ሆኖ ዐሥራ ሁለት ዓመት አለፈ።

በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት ተራው የአንዳርጌ ነበርና ማኅበሩ እሱ ቤት ተሰበሰበ። ጠመንጃዎቹ ቁርበቱ ላይ ተደርድረው ወሬው ሲደምቅ፣ አንዲት እግሯ በአቧራ የነጣ ሴት ደጃፉ ላይ ቆመች።

"ቤቶች፣ እንዴት ዋላችሁ። ባለጠመንጃዎች እዚህ ይሰበሰባሉ ሲሉኝ ነው የመጣሁት" አለች።

"ምን ፈልገሽ ነው፣ እቴ?" አሏት አያ ደባልቄ።

"ባሌ ጠመንጃውን ይዞ የበሬ ሌባ ሊከተል ወጥቶ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ። አስከሬኑም አልመጣ፣ ወሬውም አልመጣ። ሰው ይጠፋል፣ ጠመንጃ ግን አይጠፋም፤ ከአንዱ ትከሻ ወርዶ ሌላው ትከሻ ላይ ይወጣል። ጠመንጃውን ካገኘሁ እሱ የወደቀበትን የሚያውቅ ሰው አገኛለሁ ብዬ በየገበያው፣ በየማኅበሩ እዞራለሁ። ጠመንጃው ይቅርብኝ። አጥንቱ ያለበትን ብቻ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ።"

"የት ነው አገርሽ?"

"ሾላ በር። እናኑ እባላለሁ።"

አንዳርጌ እጁ ላይ የነበረውን የዘይት ጨርቅ አስቀመጠ።

ወንዶቹ አዘኑላት። መደብ ላይ አስቀምጠው እንጀራ አቀረቡላት። እሷም እየበላች ኑሮዋን ነገረቻቸው። "አንዳንዱ 'ሌላ ሴት አግብቶ ሩቅ አገር ይኖራል' ይለኛል። ቄሱን ፍትሐት ቢያደርጉለት ብለምናቸው 'መሞቱን ማን አየ?' አሉኝ። ለልጄ ሽማግሌ ሲመጣ 'አባቷ የት ነው?' ብለው ይጠይቃሉ፤ የምመልሰው የለኝም። ሞቷል ብዬ አላለቀስኩ፣ አለ ብዬ አልተጽናናሁ።"

"ጠመንጃውን በምን ትለይዋለሽ?" አላት ጫኔ።

"ሰደፉ ተሰንጥቆ ነበር። ማሰሪያ ቢያጣ የሠርጌን የብር አልቦ ከእግሬ ፈትቼ ሰጠሁትና አንጥረኛ ቀጥቅጦ ጠመጠመበት።"

"በይ እይ፣ ሁሉም እዚህ አለ" አሏት።

እናኑ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ አየች። እያንዳንዱን ሰደፍ በጣቷ ትዳብሳለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ቀይ ባሕር አረብ የለበሰው ላይ ስትደርስ ቆመች።

"የዚህስ ከሥሩ ምን አለ፣ አያ?"

"ለጌጥ ነው" አለ አንዳርጌ። ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው።

"ቢገለጥ አይሆንም?"

"ከተሰፋ ቆየ። ቢፈታ ይበላሻል።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ደፈርኩ" አለችና አለፈችው።

ጫኔ ሣቀ። "የሱን ተዪው፣ እቴ! የሱ ታሪኩ የታወቀ ነው። ሦስት ሽፍታ ብቻውን ገጥሞ ነው የማረከው። አያ አንዳርጌ፣ እስኪ ንገራት፤ ልቧ ይጽናና!"

"ይቆይ፣ ሌላ ጊዜ" አለ አንዳርጌ።

"ኧረ ንገራት! ንገራት!" አሉ ሁሉም።

አንዳርጌ ተናገረ። ለዓመታት የለመደው አፉ ራሱ ይናገር ነበር። እናኑን ላለማየት ዓይኑን ምሰሶው ላይ ተክሎ ነበር። መጨረሻው አካባቢ ሲደርስ የውሃውን ዘልሎ ታሪኩን ሊዘጋ ሞከረ።

"ውሃውን! የውሃውን ንገራት እንጂ!" አለ ጫኔ።

የውሃውንም ተናገረ። ወንዶቹ ሣቁ።

እናኑ ግን አልሣቀችም። ተነሥታ መጣችና ጉልበቱን ሳመችው። "እግዜር እጅዎን ይባርከው፣ አያ" አለችው እያለቀሰች። "ማን ያውቃል፣ ባሌን የገደሉት እነሱ ይሆናሉ። ደሙን በመለሰልኝ ሰው ቤት እህል ቀምሼ መሄዴ ነው። ዕድሜ ይስጥዎ።"

ይህን ብላ በትሯን ይዛ ወጣች። አያ ደባልቄ የክብሩን ዋንጫ ሞልተው ለስምንተኛ ጊዜ ለአንዳርጌ አቀበሉት። አንዳርጌ ወደ አፉ አስጠጋው። ባሏን ሽፍታ ብሎ፣ ስሙን አጉድፎ፣ በጣሩ አስቆ፣ ስለዚህ ሁሉ ጉልበቱ ተስሟል። የተሳመበት ቦታ በእሳት እንደተነካ አቃጠለው። ዋንጫውን አስቀመጠ፣ ጠመንጃውን ከቁርበቱ ላይ አነሣ፣ ምንም ሳይናገር ወጣ።

እናኑን ከመንደሩ ግርጌ፣ ምንጩ አጠገብ፣ እግሯን ስትታጠብ አገኛት። ፊቷ ተንበረከከ። ቢላዋውን አውጥቶ የቀዩን ባሕር አረብ ስፌት ቀደደው። ቆዳው ወለቀና የጠቆረው ብር ወጣ።

እናኑ ብሩን በጣቷ ዳበሰችው።

"አልቦዬ" አለች። ቀጥላም፣ "ሞቷል?"

"ሞቷል።"

"አንተ ነህ የገደልከው?" ከዚያ በፊት "እርስዎ" ትለው ነበር።

"አይደለሁም። ሌቦቹ ናቸው። እጄ ላይ ነው የሞተው። ለእናኑ ስጥልኝ ብሎ አደራ አለኝ። ሽፍታ አልነበረም። ከሽፍታ ጋርም አልተዋጋሁም። ውሃ ሲለምነኝም አጠጥቼዋለሁ። አደራ በላ ነኝ።"

እናኑ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያቆየችውን እዬዬ ለቀቀችው። ስትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። አንዳርጌ ጠመንጃውን በሁለት እጁ ዘረጋላት፤ አልተቀበለችውም።

"እዚህ ምንጭ ዳር አትስጠኝ" አለችው። "ስሙን ያጎደፍከው ሰው ፊት ነው። የምትመልሰውም ሰው ፊት ነው።"

አንዳርጌ በሕይወቱ ከሄደው መንገድ ሁሉ ያ ከምንጩ እስከ ገዛ ቤቱ ያለው ዳገት ረዘመበት። ሁለቱ ሲገቡ ወንዶቹ ገና ይሣቁ ነበር። ባሕር አረቡ ተገፎ ብሩን ሲያዩ ግን ሣቃቸው እንደ ተቆረጠ ገመድ ቀረ።

አንዳርጌ መሐል ላይ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ። ምንም አላስዋበውም። ጫኔ መንገድ ላይ እንደጠየቀው፣ ራሱን እንደነቀነቀ፣ አንዱ እንዴት ሁለት፣ ሁለቱ እንዴት ሦስት እንደሆኑ። ከምድጃው ኋላ ቆማ የምታገለግለው ሚስቱ ሳትቀር ሰማች። ዐሥራ ሁለት ዓመት የጀግና ሚስት ሆና የኖረች ሴት ጀርባዋን ሰጠችው።

ማንም አልሰደበውም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። አንዱ ወደ መሬት ያያል፣ ሌላው ጋቢውን ያስተካክላል። ጫኔ እጁን ቀስ ብሎ ሰደደና የራሱን ጠመንጃ ከቁርበቱ ላይ አንሥቶ በጋቢው ሸፈነው። ለምን እንደሸፈነው ማንም አልጠየቀውም።

በመጨረሻ አያ ደባልቄ ተናገሩ። "ዋንጫዋን ያቀበልኩህ እኔ ነኝ። ይህን ያህል ዓመት ስሰማህ፣ ተኩሱን ጠየቅሁህ፣ ጥይቱን ጠየቅሁህ። አንድ ቀን ግን 'የሟቹ ስም ማን ነበር?' ብዬ አልጠየቅሁህም። ከዚህ ቤት የጠየቀ አለ?"



"ስሙ ስንሻው ነው" አለች እናኑ። ያን ጊዜ እጇን ዘርግታ ጠመንጃውን ከአንዳርጌ ተቀበለች።

በሳምንቱ እናኑ ከቄሱና ከልጇ ጋር ወደ ቆላው ወረደች። አንዳርጌ ከጫኔ ጋር ሆኖ መንገድ መራቸው። ብሳናው በቦታው ነበር፣ ድንጋዩም በቦታው ነበር። አጥንቱን በነጭ አቡጀዴ ጠቀለሉት። አንዳርጌ "እባካችሁ እኔ ልሸከመው" ብሎ ለመነ፤ ፈቀዱለት። ሾላ በር ሲደርሱ አገሩ ሁሉ ወጥቶ ጠበቃቸው። አልቃሾቹ ስንሻውን በስሙ እየጠሩ ሲያወድሱት፣ አንዳርጌ ሰው ሁሉ እያየው በመካከላቸው አለፈ። "ያ ነው" የሚለውን ሹክሹክታ ሰማ። አንገቱን አላቀናም።

ከቀብሩ በኋላ የስንሻው ልጅ አስናቀች ወደሱ መጣች። አባቷ ሲወጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች።

"አያ፣ ሲሞት አጠገቡ ነበሩ አሉ። ለኔ ያለው ነገር ነበር?"

አንዳርጌ አፉን ከፈተ። ነበረ። ስሟን ጠርቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ለሷ የተናገረው አንድ ቃል ነበረ። አንዳርጌ ያንን ቃል ፈለገው። የብሳናውን ጥላ አገኘ፣ የቅሉን ውሃ አገኘ፣ የሰውየው ከንፈር ሲንቀሳቀስም ታየው፤ ድምፁ ግን የለም። በድምፁ ፋንታ እሱ ራሱ የፈጠራቸው የሦስቱ ሽፍቶች ጩኸት ይሰማዋል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ውሸቱን ሲደጋግም እውነተኛው ቃል ከሥሩ ጠፍቶ ነበር።

"ነበረ" አላት። "ስምሽን ጠርቶ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር።"

"ምን?"

"ጠፋኝ፣ ልጄ።"

አስናቀች ቀና ብላ አየችው። "የሽፍቶቹን ልብስ ቀለም ግን አልረሱትም አሉ" አለችው። አልተቆጣችም። ክፉ ቃልም አልጨመረችም። ዞር ብላ ወደ እናቷ ሄደች።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ አብሮት የሄደው ጫኔ አዘነለት። "አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? አንድ መልካም ነገር ብትፈጥርላት ምን ነበረበት? 'መረቀሽ' ብትላት፣ 'ከሁሉ አስበልጬ እወዳታለሁ አለ' ብትላት ዕድሜ ልኳን ትጽናናበት ነበር። አንተ ደግሞ ተረት መፍጠር ታውቅበታለህ።"

"አውቅበታለሁ" አለ አንዳርጌ። "ከምንም በላይ አውቅበታለሁ። አፌ ላይም መጥቶልኝ ነበር። አባቷን ሽፍታ አድርጌ እናቷን ዋሸኋት፤ አሁን ደግሞ የፈጠርኩትን ቃል በአባቷ ስም ልናገር? ባዶ እጄን መቅረቤን ትወቀው። ባዶነቱ እንኳ በውሸት ሳይሞላ የሷው ይሁን።"

አንዳርጌ ሠርግ ሲጠራ እንደ ድሮው ከኋላ እየተከተለ ኖረ ይባላል። ቃሉን እስኪሞት ድረስ ሲፈልግ ኖረ፤ አላገኘውም።

ወገኖቼ፣ የተወሰደ ዕቃ ቢዘገይም ይመለሳል። አጥንትም ተፈልጎ ይገኛል፣ የጎደፈ ስምም ሰው ፊት ይጠራል። ውሸት ደርበንበት ያቆየነው እውነት ግን እዚያው ውስጥ ይበሰብሳል፤ "አሁን እንካችሁ" ልንል በፈለግን ቀን እጃችን ባዶ ሆኖ እናገኘዋለን። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ሁሉንም ነገር መመለስ ይችላል ማለት አይደለም። እፍረት የሚጠቅመው ሳይረፍድ ሲመጣ ነው።

እኛስ ሰው ፊት ከምንኮራባቸው ነገሮች ውስጥ ሌላ ሰው በአደራ የሰጠን የቱ ነው? የሰጠንስ ሰው ስሙ ማን ነበር? ምን ብሎን እንደነበር ዛሬ እናስታውሳለን?